ነባር ደንበኞችን ከማኅበራዊ መገናኛ ማስታወቂያ ስለ ማስቀረት

ነጋዴ ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ሰው ዘንድ ይደርሳል። አንደኛው ዕቃውንም ሻጩንም ገና የማያውቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ባለፈው ወር ገዝቶ፥ ዋጋውን ከፍሎ፥ ስልክ ቁጥሩን በነጋዴው መዝገብ አስጽፎ የሄደ ነው። ማስታወቂያ በራዲዮ፥ በጋዜጣ ወይም በገበያ ድምፅ ማጉያ ሲነገር እነዚህን ሁለት ሰዎች ለይቶ ለአንዱ ብቻ መናገር አይቻልም፤ ዋጋውም የሚከፈለው ለጊዜው ርዝመት ወይም ለገጹ ስፋት ስለ ሆነ፥ ነባሩ ደንበኛ ቢሰማው በነጋዴው ላይ የሚጨምርበት ወጪ የለም። በፌስቡክና እርሱን በመሰሉት መገናኛዎች ግን ሒሳቡ የሚታሰበው ማስታወቂያው በየሰዉ ስልክ ላይ በታየ ቁጥር ወይም በተነካ ቁጥር ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ለነባሩ ደንበኛ በታየ ጊዜ ሁሉ ከነጋዴው ኪስ ገንዘብ ይወጣል።

ይህ ወጪ በሀገራችን ነጋዴ ላይ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። የማስታወቂያው ዋጋ መነሻው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ትናንት ለአዲስ ገዢም ለነባሩም በአንድነት ሲዘራ የነበረ የማስታወቂያ ገንዘብ እንግዲህ በሚዛን መመዘን ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ መታወቅ የሚገባው ነገር፥ መገናኛው ማስታወቂያውን በዘፈቀደ የማያሳይ መሆኑ ነው። ነጋዴው «መልእክት የሚጽፉልኝን ሰዎች ፈልግልኝ» ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነ፥ መሣሪያው ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ ብሎ የሚገምታቸውን ሰዎች ይመርጣል። ከነዚህም መካከል ለግምት የሚቀርበው ቀድሞ የነጋዴውን ገጽ የተከተለ፥ ዋጋ የጠየቀ፥ ምናልባትም የገዛ ሰው ነው። መሣሪያው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ ነጋዴው ግን ወደ ሱቁ በራሱ እግር ሊመጣ ለተነሣ ሰው የመንገድ መሪ ቀጥሮ ይከፍላል። በወሩ መጨረሻ የሚወጣው ሪፖርትም ይህን አይነግረውም፤ የመጣውን ትዕዛዝ ሁሉ የማስታወቂያው ፍሬ አድርጎ ይቆጥርለታል።

ይህ ጉዳይ በውጭ ሀገር በሚገባ ተመርምሯል። ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ማስታወቂያውን በአንዳንድ ስፍራ አቁሞ በሌላው ስፍራ እያስቀጠለ ውጤቱን አስተያየ። ብሌክ፥ ኖስኮና ታደሊስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎችም ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ሰዎች የድርጅቱን ስም ጽፈው ሲፈልጉ የሚታየው የተከፈለበት ማስታወቂያ በቆመ ጊዜ፥ ከጠፋው ጎብኚ 99.5 በመቶው ያለ ማስታወቂያ በተራው የፍለጋ መንገድ ተመልሶ መጥቷል። በሌሎቹም ማስታወቂያዎች ቢሆን ዕቃ ያልገዙ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚገዙ ሰዎች በማስታወቂያው ምክንያት ግዢያቸውን ሲጨምሩ፥ ዘወትር የሚገዙት ግን ምንም ለውጥ አላሳዩም፤ ከወጪውም አብዛኛው ያለቀው በነዚሁ ዘወትር በሚገዙት ላይ ነበር። በእርግጥ ኢቤይ ዓለም የሚያውቀው ድርጅት ነው፤ የተመረመረውም የፍለጋ ማስታወቂያ እንጂ የፌስቡክ አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጎጃም ማምጣት አይገባም። ከጥናቱ የሚወሰደው ጥያቄው ነው፤ ይኸውም «ይህ ሰው ማስታወቂያው ባይደርሰው ኖሮ አይገዛም ነበርን?» የሚለው ነው።

ጥያቄውን በምሥራቅ ጎጃም ንግድ ላይ እናውለው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የጤፍ መንገድ ነው። የአካባቢው ነጭ ጤፍ አዲስ አበባ ሲደርስ በእህል በረንዳም በየወፍጮ ቤቱም በትውልድ ስፍራው ስም ተጠርቶ ይሸጣል። አንድ የብቸና የእህል ነጋዴ በደላላ በኩል መሸጡን ሳይተው፥ ለአዲስ አበባ ቤተሰቦች በፌስቡክ እያስታወቀ ማኛ ጤፍ በቀጥታ ይልካል እንበል። ለአንድ ወር 6000 ብር ለማስታወቂያ መደበ። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱ 40 ሰዎች በማስታወቂያው በኩል አንዳንድ ኩንታል አዘዙ ይላል። ለአንድ ትዕዛዝ የወጣው 150 ብር ነው፤ በኩንታሉ የተጣራ ትርፍ 300 ብር ቢሆን ነጋዴው ደስ ይለዋል።

ጸሐፊው ግን የ40ዎቹን ስልክ ቁጥር ከባሕረ መዝገቡ ጋር ቢያስተያይና 28ቱ ቀድሞ የገዙ ሆነው ቢገኙ ሒሳቡ ይለወጣል። አዲሶቹ 12 ብቻ ናቸው፤ ለአንድ አዲስ ደንበኛ የወጣውም 500 ብር ነው። ሃያ ስምንቱ ያለ ማስታወቂያም ይመጡ የነበሩ ከሆኑ፥ ነጋዴው ከእያንዳንዱ አዲስ ገዢ በመጀመሪያው ሽያጭ 200 ብር ከስሯል። ይህ ማለት ማስታወቂያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጤፍ በየጊዜው የሚያልቅ እህል ስለ ሆነ፥ አዲሱ ደንበኛ በዓመት ሦስት ጊዜ ቢመለስ 900 ብር ያተርፋል፤ 500 ብሩም በደኅና ስፍራ የዋለ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ነጋዴው 150 ብር ከፈልሁ እያለ 500 የሚከፍል ከሆነ፥ ዋጋውን ሳያውቅ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው መሆኑ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ የተሸሸገ ግምት አለ። ሃያ ስምንቱ በሙሉ ያለ ማስታወቂያ ይመለሱ ነበር ብሎ መናገር አይቻልም፤ ጥቂቶቹ ሻጩን ረስተው፥ በሰፈራቸው ካለው ወፍጮ ቤት ሊገዙ ተዘጋጅተው ሊሆን ይችላል። ይህን በክርክር ሳይሆን በሙከራ ማወቅ ይገባል፤ ሙከራውም ቀላል ነው። ነባር ደንበኞች በስልካቸው የመጨረሻ አኃዝ ለሁለት ይከፈሉ፤ ጎደሎ ቁጥር ያላቸው ማስታወቂያው እንዳይደርሳቸው ይደረግ፤ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ግን ይድረሳቸው። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ከየወገኑ ስንት ሰው ተመልሶ እንደ ገዛ ከመዝገቡ ይቆጠር። ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሆኑ ለነባሩ ደንበኛ የተከፈለው ሁሉ የባከነ ነው። ማስታወቂያው የደረሳቸው በግልጽ ከበለጡ ግን ነባሩን ማስቀረት ጉዳት ነው። ብቻ ደንበኞቹ በጠቅላላው 50 ወይም 60 የሆኑ እንደ ሆነ፥ የሁለትና የሦስት ሰው ልዩነት በአጋጣሚ የሚመጣ ስለ ሆነ ፍርድ ለመስጠት መቸኮል አይገባም።

እዚህ ላይ የዕቃው ጠባይ ሁሉን ይወስናል። በሞጣ ቆርቆሮ፥ ሚስማርና የበር ብረት የሚሸጥ ባለ ሱቅ አንድ ሰው ቤቱን ከደነ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያንኑ ሰው ቆርቆሮ ግዛ ቢለው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ትዝብትንም ይገዛል። የውሃ መሳቢያ ሞተር፥ ማቀዝቀዣ፥ ቴሌቪዥንና የልብስ ስፌት መኪናም እንዲሁ ናቸው። እንደዚህ ባለው ንግድ ገዢውን ወዲያው በገዛበት ቀን ማስቀረት ተገቢ ነው። ጤፍ፥ ዘይት፥ ሳሙናና ስኳር ግን ያልቃሉ፤ በእነዚህ ላይ የሚሻለው ማስቀረቱን በጊዜ መወሰን ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ ኩንታል ጤፍ በሁለት ወር የሚጨርስ ከሆነ፥ በገዛ በመጀመሪያው ወር ተኩል ማስታወቂያ አያሻውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከዝርዝሩ ወጥቶ እንደ ገና ሊነገረው ይችላል። ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ዓመት የሞላው፥ ስሙ በመዝገብ ኖሮ እግሩ የጠፋ ደንበኛ ነው። ይህን ሰው ከነባሮቹ ጋር ቆጥሮ ማስቀረት ስሕተት ነው፤ እርሱ የሚፈልገው ለብቻው የተጻፈ መልእክት ነው፤ ከተቻለም የስልክ ጥሪ።

አሠራሩን እንመልከት። ፌስቡክ ነጋዴዎች የራሳቸውን የደንበኛ ዝርዝር እያስገቡ የተመልካች ስብስብ እንዲያበጁ መፍቀድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ሜታ ብሎ ከለወጠም በኋላ አሠራሩ ቀጥሏል። ነጋዴው የስልክ ቁጥሮቹን ወይም የኢሜይል አድራሻዎቹን በሠንጠረዥ ያስገባል፤ ቁጥሮቹ ከመላካቸው በፊት ወደማይነበብ የፊደልና የአኃዝ ቅጥልጥል ይለወጣሉ፤ ኩባንያው ከተጠቃሚዎቹ ቁጥሮች ጋር አስተያይቶ የተገናኙትን በአንድ ስብስብ ያኖራል። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው በሚዘጋጅበት ገጽ ላይ ይህ ስብስብ «ይታይላቸው» በሚለው ሳይሆን «ይቅርባቸው» በሚለው ክፍል ይገባል። ቲክቶክም ተመሳሳይ አሠራር አለው። ድረ ገጽ ያለው ድርጅት ገጹን የጎበኙትን ሰዎች በልዩ ምልክት መለየት ይችላል፤ በብቸናና በሞጣ ግን ብዙው ነጋዴ ድረ ገጽ ስለሌለው የስልክ ዝርዝሩ ዋናው መሣሪያ ነው።

ታዲያ ይህ ዝርዝር ከየት ይመጣል? ከብዙው ሱቅ ጠረጴዛ ሥር ካለው የዱቤ ደብተር ነው። ደብተሩ ስም፥ የዕቃ ዓይነትና ገንዘብ ይዟል፤ ስልክና ቀን ግን አንዳንድ ጊዜ ይጎድለዋል። «የወይዘሮዋ ልጅ»፥ «ባለ ወፍጮው» እየተባለ የተጻፈ መዝገብ ለባለ ሱቁ በቂ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይረዳም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሽያጭ ስም፥ ስልክ፥ የተገዛው ዕቃና ቀኑ በአራት ረድፍ መጻፍ አለበት። ቀኑ ከሌለ ደንበኛውን መቼ ማስቀረት፥ መቼስ መመለስ እንደሚገባ ማወቅ አይቻልም።

ዝርዝሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። በሀገራችን ቁጥር የሚጻፈው ከዜሮ ተነሥቶ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም በ09፥ የሳፋሪኮም በ07 ይጀምራል። ኤክሴል የተባለው የሠንጠረዥ መሣሪያ ረድፉ የጽሑፍ ነው ካልተባለ በቀር የመጀመሪያውን ዜሮ ይውጠዋል። ይህ እንኳ ባይሆን መገናኛው ሰውየውን በትክክል የሚያገኘው የሀገሩ መለያ ሲጨመርበት ነው። ስለዚህ ዜሮው ቀርቶ በስፍራው 251 ገብቶ፥ ቀጥሎም ዘጠኙ አኃዞች ያለ ክፍተትና ያለ ሰረዝ መጻፍ አለባቸው።

ይህ ሁሉ በትክክል ቢደረግም ሁሉም ደንበኛ አይገኝም። አንዱ ሁለት ሲም ካርድ ይዞ በአንዱ ያዝዛል፥ ፌስቡክን በሌላው ከፍቷል፤ ሌላው በልጁ ስልክ ይጠቀማል፤ ሌላው ቁጥሩን ከለወጠ ቆይቷል፤ ጥቂት የማይባሉትም ፌስቡክ የላቸውም። ስለዚህ ነባር ደንበኛ ማስታወቂያውን አየሁ ብሎ ቢነግረው ነጋዴው አሠራሩ ተበላሸ ብሎ አይደንግጥ። ዝርዝሩም በራሱ አይታደስም፤ በመስከረም የገባ ዝርዝር በኅዳር የገዙትን አያውቅም። በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ አዲሶቹን ማስገባት የጸሐፊው ሥራ ሆኖ መወሰን አለበት፤ ያለዚያ ሁሉም «እገሌ ያደርገዋል» ሲል ይቀራል።

በትንሽ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ግን በዚህ ሁሉ መድከም አይገባውም። የብቸና ባለ ሱቅ ማስታወቂያውን በብቸናና በአካባቢው ብቻ ቢያሳይ ተመልካቹ ቀድሞውንም ጥቂት ነው፤ ከዚያ ላይ ደንበኞቹን ቢቀንስ የሚተርፈው ለመሣሪያው መሥሪያ አይበቃም። የሚድነውም ገንዘብ ለጸሐፊው ሻይ አይተርፍም። ጥቅሙ የሚታየው ከከተማው ውጭ ለሚሸጡ ነው፤ ይኸውም ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር ለሚልኩ ነው። ለላኪዎችም ቢሆን ጉዳዩ ቀላል ነው፤ በውጭ ሀገር ያሉት ገዢዎቻቸው በጣት የሚቆጠሩ ድርጅቶች ናቸው፤ የድርጅት ኢሜይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከግለሰብ የፌስቡክ አድራሻ ጋር አይገናኝም።

አስመጪዎች ግን ሌላ ነገር ሊያስቡ ይገባል። በመርካቶ ተቀምጦ ለሞጣና ለብቸና ባለ ሱቆች በጅምላ የሚያከፋፍል አስመጪ፥ የጅምላ ዋጋውን ጽፎ በፌስቡክ ያወጣ እንደ ሆነ ማስታወቂያው የባለ ሱቁ የራሱ ደንበኛ ዘንድ ይደርሳል። ያ ደንበኛ ስልኩን ይዞ ሱቁ ድረስ ይመጣና «ይኸው እዚህ በዚህ ዋጋ ይሸጣል፤ አንተ ምን ጨምረህበት ነው?» ይለዋል። ባለ ሱቁ የጭነቱን፥ የኪራዩንና የግብሩን ወጪ ቆሞ ማስረዳት ይኖርበታል። እዚህ ላይ ማስቀረት የሚገባው ነባሩን ገዢ ማለትም ባለ ሱቁን ብቻ አይደለም፤ ባለ ሱቁ የሚሸጥበትን ከተማ በሙሉ ነው። መሣሪያው ከተማን በስሙ ለይቶ ማስቀረት ስለሚፈቅድ አከፋፋይ ባለበት ስፍራ የጅምላ ማስታወቂያ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል። ስፍራን መለየት ግን ፍጹም አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ መገናኛዎች በሀገራችን ተዘግተው በነበረ ጊዜ ብዙ ሰው ቪፒኤን በተባለው መሣሪያ ይጠቀም ነበር፤ መሣሪያው ሰውየውን በሌላ ሀገር ያለ አስመስሎ ስለሚያሳይ ሞጣ ያለ ገዢ ከሞጣ ዝርዝር ሊወጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዋጋ ቅናሽ ጉዳይ ነው። አዲስ ደንበኛ ለመሳብ «ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዝዝ በኩንታል 200 ብር ቅናሽ» ብሎ ማስታወቅ የተለመደ ሆኗል። ነባሮቹ እንዳያዩት ማስቀረት ለሒሳቡ የግድ ነው፤ ካላስቀሩማ ሁሉም በሚስቱ ወይም በልጁ ስልክ እንደ ገና አዲስ ሆኖ ይመጣል። ነገር ግን በሀገራችን ወሬ ከማስታወቂያ ይፈጥናል። ነባሩ ደንበኛ በጎረቤቱ ስልክ ቅናሹን ባየ ጊዜ የሚሰማው «እኔ ሦስት ዓመት በሙሉ ዋጋ ስገዛ ትናንት የመጣው በቅናሽ ገዛ» የሚል ቅሬታ ነው፤ ይህም ትክክለኛ ቅሬታ ነው። በጥንቱ ገበያ ምራቂ የሚጨመርለት ለነባሩ ደንበኛ ነበር፤ እንግዳው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፥ ሲመላለስ ምራቂ ያገኛል። አዲሱ ማስታወቂያ ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። ስለዚህ ነባሩን ከቅናሹ ማስታወቂያ የሚያስቀር ነጋዴ፥ በሌላ በኩል ለርሱ የሚሆን ነገር ሊያዘጋጅ ይገባል፤ ለምሳሌ የመጓጓዣውን ዋጋ መሸፈን፥ ጤፍ በሚወደድበት ወራት በቀድሞው ዋጋ ቅድሚያ መስጠት፥ ወይም ለበዓል ጥቂት ኪሎ ሽሮ ጨምሮ መላክ። ይህም የሚነገረው በተከፈለ ማስታወቂያ ሳይሆን በአጭር የስልክ መልእክት ወይም በቴሌግራም ቻናል ነው። ቻናሉን የሚከተለው ሰው ራሱ ፈቅዶ የገባ ነው፤ መልእክቱ ሲደርሰውም ነጋዴው አይከፍልም።

የደንበኛን ስልክ ቁጥር ለውጭ ኩባንያ መስጠት የሕግ ጉዳይም ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሰውን የግል መረጃ ለመጠቀም የባለቤቱ ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልጋል። ደንበኛ ቁጥሩን የሰጠው ጤፉ ሲደርስ እንዲደወልለት ነው እንጂ ለማስታወቂያ እንዲውል አይደለም። በትዕዛዝ ጊዜ «ቁጥርዎን ለማስታወቂያችን ማስተካከያ ብንጠቀምበት ይፈቅዳሉ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በአምስተኛ ረድፍ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አይሆንም ያለ ሰው ወደ መሣሪያው በሚገባው ዝርዝር ውስጥ አይገኝ፤ ማስታወቂያው ቢደርሰውም ይድረሰው።

ዝርዝሩ በወረቀትም መኖር አለበት። በአማራ ክልል ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠ ጊዜ፥ ደንበኞቹን የሚያውቀው በፌስቡክ ገጹ የመልእክት ሳጥን ብቻ የነበረ ነጋዴ ከማን ጋር ይነግድ እንደ ነበር ማየት አይችልም። በደብተሩ ቁጥር ያለው ግን መደወል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማስታወቂያውም ራሱ እንዳይቀጥል፥ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ያለ ሰው እንዲያቆመው አስቀድሞ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል፤ መልስ የማይሰጥበት ማስታወቂያ ገንዘብ መብላቱን አያቆምምና።

የመጨረሻው ነገር የወኪል ጉዳይ ነው። በብር ካርድ ለውጭ ኩባንያ መክፈል ስለሚያስቸግር ብዙ ነጋዴ ማስታወቂያውን የሚያሠራው በአዲስ አበባ ባለ ወኪል ነው፤ ወኪሉም ብዙ ጊዜ ሁሉን በራሱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይሠራል። በዚያ ሒሳብ ውስጥ የገባ የደንበኛ ዝርዝር በወኪሉ እጅ ያለ ዝርዝር ነው። ለአንዱ ነጋዴ «እነዚህ ይቅርባቸው» ተብሎ የገባው ስብስብ፥ በአንድ ምልክት ለውጥ ለተወዳዳሪው «ለነዚህ ይታይላቸው» ይሆናል፤ እነዚህን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎችን ፈልግ ተብሎም ሊታዘዝበት ይችላል። ስለዚህ የማስታወቂያው ሒሳብ በነጋዴው ስም ይከፈት፤ ወኪሉ በእንግድነት ይግባበት። ይህ የማይቻል ከሆነ ዝርዝሩ ለሌላ ሥራ እንዳይውልና ውሉ ሲያበቃ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲሰረዝ በጽሑፍ ይፈረም፤ መሰረዙንም ነጋዴው ወይም ጸሐፊው በዓይኑ ያረጋግጥ።